ጠረጴዛችን እንዳይንገዳገድ
በመሠረተ ትምህርት የራዲዮ ፕሮግራም ለአዲስ አንባቢዎች የቀረበ ንግግር

ዛሬ ስለ ጠረጴዛ እግር እንነጋገራለን። «ፊደል ለመማር መጥተን ጠረጴዛ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ከፊደልም፣ ከቁጥርም፣ ከልጆቻችን ጤናም ጋር የተያያዘ ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. በአገራችን ሲጀመር፣ ብዙ ሰው ፊደል የቆጠረው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነው። ጉልበት ግን ጠረጴዛ አይሆንም። እጅ ይደክማል፣ መስመር ይጣመማል። ስለዚህ ዛሬም የተማረ ሰው ቤቱ ሲገባ «እስቲ አንድ ጠረጴዛ ልሥራ» ይላል።

እስቲ አንድ የኮሶዬ ገበሬ በሐሳባችን እንመልከት። ኮሶዬ ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ደጋ ናት። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያዩ ዓይን ይደክማል። ክረምቱ ጉም ነው፣ ብርዱም ያንቀጠቅጣል። ማታ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ልጆች የሚያጠኑት በመብራት ነው።

ይህ ገበሬ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ቆረጠ። ሳንቃ አስወጣ። አራት አጣና አቆመና ሳንቃውን በሚስማር መታበት። ጠረጴዛ ተሠራ፤ ቤተሰቡም ተደሰተ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን እግሮቹ ላሉ። ጠረጴዛው ሲነኩት ይወዛወዝ ጀመር። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ምን አለ? ኩራዝ አለ። ኩራዙ ውስጥ ላምባ አለ። ከጎኑ ልጅ ተቀምጦ ይጽፋል።

አያችሁ? የተንገዳገደ ጠረጴዛ ቀልድ አይደለም። ኩራዝ ከወደቀ ላምባው ይፈሳል። የፈሰሰ ላምባ እሳት ከያዘው ልጅን ያቃጥላል፣ ቤትንም ያወድማል። ስለዚህ የጠረጴዛ እግር ነገር የቤተሰብ ነገር ነው።

እግሩ ለምን ላላ?

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው እንጨቱ ነው። እንጨት በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል። በበጋ ይደርቃል፣ ይሸማቀቃል። የሚያብጠውና የሚሸማቀቀው በርዝመቱ አይደለም፣ በወርዱ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ በእርጥቡ ከተሠራ በጣም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ሚስማሩ ነው። ሚስማር ለስላሳ ነው፤ እንጨቱን የሚነክስበት ጥርስ የለውም። ጠረጴዛው በተገፋ ቁጥር ሚስማሩ ጥቂት ጥቂት እያለ ይወጣል። እንደገና ብንመታው ቀዳዳው ሰፍቷልና መልሶ ይላላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? የብረት እግር ማድረግ፣ እሱንም በብሎን ማሰር ይሻላል። ብሎን ጥርስ አለው። እንጨቱን ነክሶ ይይዛል። ቢላላም በካቻቢቴ መልሰን እናጠብቀዋለን።

በነገራችን ላይ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ትራፓኖ የሚባሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዛሬ ግን የእኛው ቃላት ሆነዋል። በሉ እያንዳንዱን በደብተራችሁ ጻፉት።

ብረቱን ማን ይሠራዋል?

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ከጎንደር ወደ ኮሶዬ ስንወጣ፣ ከከተማው ብዙም ሳንርቅ ወለቃን እናገኛለን። ቤተ እስራኤላውያን በዚያ ይኖሩ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ የወጣው ከእንደነሱ ካሉ ሠራተኞች እጅ ነው። ሰው ግን በማረሻቸው እያረሰ፣ በገንቦአቸው ውኃ እየቀዳ፣ «ቡዳ» እያለ ይሰድባቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ትልልቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዱ።

እኛ ከዚህ ምን እንማራለን? ብረት የሚሠራ ሰው ባለሙያ ነው። ስሙን በክብር እንጥራ፣ ዋጋውን በጊዜው እንክፈል። ልጃችንም ብረት ሥራ ልማር ቢል አንከልክለው። ሙያን የሚንቅ ሰው ማረሻው ሲሰበር ደጅ ይጠናል!

ልክ መውሰድ

ወደ ባለሙያው ከመሄዳችን በፊት ልካችንን በወረቀት እንጽፋለን። ቁጥር ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ልኩን የጻፈ ሰው አይታለልም፣ ባለሙያውም አይሳሳትም።

መጀመሪያ መቀመጫችሁን ለኩ። ሁሉም ሰው ወንበር የለውም፤ አንዱ በመደብ፣ ሌላው በበርጩማ ይቀመጣል። የጠረጴዛው ገጽ ከመቀመጫው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ለመጻፍ ይመቻል። መቀመጫው 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 40 ሲደመር 30፣ 70 ነው። ከዚህ ላይ የሳንቃውን ውፍረት እንቀንሳለን። ሳንቃው 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 70 ሲቀነስ 3፣ 67 ይሆናል። የብረቱ እግር ቁመት 67 ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። እናንተም የራሳችሁን አስሉ።

ቀጥሎ ገጹን እንለካለን። ገበሬያችን ሦስት ሳንቃ አለው። የእያንዳንዱ ርዝመት 120፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ።

አሁን «በ» የምትለውን ፊደል ጻፉ። ከላይ አግዳሚ፣ ከታች ሁለት እግር አላት አይደለም እንዴ? የምናሠራው ብረትም ልክ «በ»ን ይመስላል። ሁለት እናሠራለን፤ አንዱ ለጠረጴዛው ቀኝ፣ አንዱ ለግራ። አግዳሚው 56 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 4 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይሁን። ከገጹ በሁለት በሁለት ሳንቲ ሜትር ስለሚያጥር ጉልበታችንን አይመታም።

አግዳሚው ላይ ለእያንዳንዱ ሳንቃ ሁለት፣ በጠቅላላው ስድስት ቀዳዳ እንዲበሱልን እንጠይቅ። ከሁለቱ ቀዳዳዎች አንዱ ክብ ይሁን። ሌላው ግን በአግዳሚው ርዝመት በኩል ሞላላ ይሁን። ለምን? ሳንቃው ሲያብጥና ሲሸማቀቅ ብሎኑ በሞላላው ቀዳዳ ውስጥ ጥቂት እንዲንቀሳቀስ ነው። ሁሉም ቀዳዳ ጥብቅ ከሆነ ብረቱ አይለቅም፣ እንጨቱም አይታገሥም፤ በመጨረሻ ሳንቃው ይሰነጠቃል።

ሁለት ነገር ደግሞ አትርሱ። ከእያንዳንዱ እግር ወደ ሳንቃው በሰያፍ የሚወጣ አጭር ደጋፊ ብረት ያስፈልጋል። ያለ እሱ ጠረጴዛው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይወዛወዛል። የጎጆአችን ግድግዳ ያለ ማገር እንደማይቆም ማለት ነው። እንዲሁም በእግሩ መጨረሻ መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ብረት ይበየድበት። ቀጭን ብረት የአፈር ወለልን እየወጋ ይሰምጣልና።

ብየዳው ሲካሄድ ልጆች ከአጠገቡ ይራቁ። የብየዳ ብርሃን በባዶ ዓይን አይታይም፤ ዓይን ይጎዳል።

አገጣጠም

ሳንቃው በጥላ ሥር በደንብ የደረቀ ይሁን። ሲደረደር በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት ይግባበት፤ ነፋስ እንዲያልፍ ነው። ከላዩም ድንጋይ ይጫንበት፤ እንዳይጣመም ነው። ከደረቀ በኋላ እንላገው፣ እናለስልሰው።

አንደኛ፤ ሳንቃዎቹን በንጹሕ ጆንያ ላይ በገጻቸው እንድፋቸው። በሳንቃና በሳንቃ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንተው። በክረምት ሲያብጡ እንዳይገፋፉ ነው።

ሁለተኛ፤ ሁለቱን ብረቶች እናስቀምጥ። እያንዳንዱ ከጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ይግባ። ከዚያ ከአንዱ እግር ተነሥተን ማዶ በሰያፍ እስካለው እግር በገመድ እንለካ። ሌላውንም ሰያፍ እንለካ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ብረቶቹ ተስተካክለዋል። እኩል ካልሆኑ እናንቀሳቅሳቸው።

ሦስተኛ፤ የቀዳዳዎቹን ቦታ በእርሳስ ምልክት እናድርግ። ከዚያ በትራፓኖ እንብሳ። የብሎኑ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የእንጨቱ ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ጥርሱ የሚነክሰው እንጨት እንዲያገኝ ነው። ትራፓኖ የሌለው ሰው በጋለ ቀጭን ብረት መብሳት ይችላል። እጁን ግን ይጠብቅ።

አራተኛ፤ የብሎኑን ርዝመት እናስላ። ሳንቃው 3 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 30 ሚሊ ሜትር ነው። ብረቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኑ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 25 ሲቀነስ 4፣ 21 ሚሊ ሜትር ወደ እንጨቱ ይገባል። 9 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ብሎኑ በገጹ በኩል አይወጣም፤ ደብተርም እጅም አይቀድም። ቁጥር ሳያነብ የገዛ ሰው ግን 40 ሚሊ ሜትር ገዝቶ ጠረጴዛውን እሾህ ያበቅልበታል።

አምስተኛ፤ የብሎኑን ጥርስ በደረቅ ሳሙና እናሸው፤ ሳይሰብር እየተንሸራተተ ይገባል። በሞላላው ቀዳዳ ላይ ከብሎኑ ራስ ሥር ሮንዴላ እናድርግ። መጀመሪያ ሁሉንም ብሎን ለዘብ አድርገን እናስገባ። ሁሉም ከገባ በኋላ ተራ በተራ እናጥብቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንዱን ቀድሞ ያጠበቀ ሰው ሌላው ቀዳዳ አልገጥም ይለዋል። የአግዳሚዎቹ ብሎኖች 12፣ የደጋፊዎቹ 4፣ በድምሩ 16 ናቸው።

ስድስተኛ፤ ጠረጴዛውን ለሁለት ይዘን እናንሣ። በእግሩ አናንከባልለው። የአፈር ወለል ላይ ከየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ እናድርግ። አንዱ እግር ካጠረ ከአሮጌ በረባሶ ጎማ ቆርጠን ከሥሩ እናስገባ። ጎማው ብረቱን ከእርጥበትም ይጠብቀዋል።

ብረቱን የዝገት መከላከያ ቀለም እንቀባው። በተለይ እግሩ መሬት የሚነካበት ቦታ ቶሎ ይዝጋል። ወለሉ በእበት በሚለቀለቅበት ጊዜ ጠረጴዛውን አንሥተን እስኪደርቅ እንጠብቅ።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረም ሲጠባና በበጋው መካከል፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ እንፈትሽ። የላላውን እናጥብቅ። ይህ የአንድ ቡና መፍያ ጊዜ እንኳ አይወስድም።

በመጨረሻም ጠረጴዛው ቢጠነክርም ኩራዝ ጫፍ ላይ አይቀመጥ። መካከል ላይ ይሁን። ከወረቀትና ከልጆች እጅ ይራቅ። በፀሐይ የሚሞላ መብራት ያላችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ የላምባ እሳት ስጋት የለበትም።

ወገኖቼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ጠረጴዛችንም ቀስ ብለን ከሠራነው በእግሩ ይቆማል። ትናንት ጉልበታችን ላይ የጻፍን ሰዎች ነገ ልጃችንን ከጎናችን አስቀምጠን በአንድ ጠረጴዛ እናነባለን። ልጁ «አባዬ፣ ይቺ ፊደል ምንድን ናት?» ሲል፣ «ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለህ እግሩን እይ፣ \"በ\" ናት» እንለዋለን።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን።

ጥያቄዎች

1. በሚስማር የተመታ እግር ለምን ይላላል?
2. ከሁለቱ ቀዳዳዎች አንዱ ለምን ሞላላ ይሆናል?
3. መቀመጫችሁ 32 ሳንቲ ሜትር፣ ሳንቃችሁ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የብረቱ እግር ቁመት ስንት ይሆናል?
4. በአካባቢያችሁ ብረት የሚሠሩ ሰዎች ምን ምን ይሠራሉ? የሦስት ዕቃዎችን ስም ጻፉ።