የማይታወቅ ጥንታዊ ሳንቲም እንዴት ይመረመራል?
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከመንገድና ከድልድይ ሥራ የራቀ ቢመስልም፣ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል መሬት የሚያስቆፍር መሐንዲስ ሁሉ አንድ ቀን ሊገጥመው የሚችል ጉዳይ ነው። ዶዘሩ አፈሩን ሲገለብጥ፣ ወይም ገበሬው ከእርሻው ያገኘውን በመዳፉ ይዞ ሲመጣ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ክብ ማዕድን እጃችን ይገባል። የማን ነው? እውነተኛስ ነው? እኔ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ የጥያቄው ግማሽ የሚመለሰው በሚዛንና በአጉሊ መነጽር ስለ ሆነ፣ በእኛ ሙያ በኩል ያለውን ልናገር እወዳለሁ።

አክሱም ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የራሱን ገንዘብ አሳትሟል። በሳንቲም ላይ ስሙ መጀመሪያ የሚገኘው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። በወርቁ ላይ የንጉሡ ምስል በአብዛኛው ከግራና ከቀኝ በስንዴ ዛላ ታጅቦ ይታያል። ጨረቃና ክብ ምልክት ያለበት ከክርስትና በፊት የታተመ ሲሆን፣ መስቀል ያለበት ከዒዛና ዘመን ወዲህ ነው። ጽሑፉ በወርቁ ላይ ባመዛኙ ግሪክ ሲሆን፣ በብሩና በነሐሱ ላይ ግዕዝ እየበዛ ሄዷል። በአንዳንዱ ነሐስ ላይ በግሪክኛ «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተጽፏል፤ መንግሥት በገንዘቡ ላይ ካስጻፈው ሁሉ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የለም።

እዚህ ላይ ሰውን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በነሐስ ሳንቲም ላይ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ የወርቅ ቅብ ሲታይ «ይህማ የአጭበርባሪ ሥራ ነው» ማለት ነው። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ነሐስንና ብርን እንዲህ በወርቅ መለበጥ የአክሱም ልዩ ጥበብ ነበር። ሁለተኛው የግሪክ ፊደል መዛባት ነው። በኋለኞቹ ነገሥታት ሳንቲሞች ላይ ግሪክኛው ብዙ ጊዜ ስለ ተበላሸ፣ የፊደል ስሕተት ብቻውን የሐሰት ማስረጃ አይሆንም።

ክብደት ግን አይዋሽም። የእንዱቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ገደማ ይመዝናል። በአራተኛው መቶ ዓመት ይህ ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወርዷል፤ 4.5 ግራም ከሚመዝነው የሮም ሶሊዶስ ሲሶ ጋር የተቀራረበ ማለት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን ከገበያ የገዛውን፣ በስድስተኛው መቶ ዓመት የነገሠውን የካሌብን ስም የያዘ «ወርቅ» አምጥቶልኝ ነበር። በአየር ላይ 2.52 ግራም መዘነ። በቀጭን ክር አንጠልጥለን በውሃ ውስጥ ስንመዝነው 0.29 ግራም ቀነሰ። ስለዚህ እፍግታው 8.7 ገደማ ነው። የሚዛናችን ስሕተት 0.01 ግራም ቢሆን እንኳ ውጤቱ ከ8.4 እስከ 9.0 ነው። የንጹሕ ወርቅ 19.3፣ የብር 10.5፣ የመዳብ ደግሞ 9 ገደማ ነው። የኋለኞቹ ነገሥታት ወርቅ እየተቀላቀለ መሄዱ የታወቀ ቢሆንም፣ እዚህ የሚጠቀስ ወርቅ የለም። ስሙ የካሌብ፣ ክብደቱ ወደ እንዱቢስ የተጠጋ፣ ማዕድኑ የመዳብ ዘመድ! ባልደረባችን አዘነ፤ ሻጩን ግን ማግኘት አልተቻለም።

ቀጥሎ አሠራሩ ይታያል። እውነተኛው ሳንቲም በሁለት ማተሚያዎች መካከል በመዶሻ ተመትቶ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ የፊደሉ ጠርዝ የተቆረጠ ይመስላል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ግን ጠርዙ የዶለዶመ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ውስጣቸው የለሰለሰ ክብ የአየር ቀዳዳዎች አሉበት፤ ዙሪያው ብዙ ጊዜ በሞረድ ተስተካክሏል። ዝገት የበላው ጉድጓድ ግን ክብ ሳይሆን የተዛባ ነው። ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ካላቸው ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸውና ሌላ ምርመራ አያሻም። አዲስ ማተሚያ አስቀርጾ የመታ አታላይ ሲመጣ ግን የእኛ መሣሪያ ያጥራል፤ ሳንቲሙን በሙዚየም ካሉትና በታተሙ ዝርዝሮች ከሚገኙት ጋር ምስል ለምስል ማነጻጸር ያስፈልጋል። አደራ የምለው ግን በሎሚና በአሸዋ አታጽዱት! አረንጓዴው ዝገት ራሱ ምስክር ነው።

የተጻፈ ዓመትም ቢሆን አይታመንም። አባቶቻችን የተገበያዩበት ጠገራ ብር 1780 የሚል ቢሆንም፣ ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ ያው ዓመት ሳይለወጥ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ተመትቷል።

ነገር ግን እውነተኛ ሆኖ የተገኘበት ቦታ የማይታወቅ ሳንቲም የክብሩን እኩሌታ አጥቷል። በ1980 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በደቡብ የመን አል ማዳሪባ በሚባል ቦታ 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ተገኙ፤ 868ቱ የአክሱም፣ 326ቱ የሮም ነበሩ። የሮሙ ዘመኑ የታወቀ ስለ ሆነ ለአክሱሙ መመዘኛ ሆነ። አንድ በአንድ ተሸጠው ቢሆን ይህ ሁሉ በቀረ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በመንገድና በሕንፃ ሥራ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ሥራ ተቋራጩ የሚሸሽገው መዘግየትን ፈርቶ ነው። ይሁንና ብዙዎቻችን የምንሠራበት የፊዲክ ውል በ1999 (እ.አ.አ.) እትሙ፣ በንኡስ አንቀጽ 4.24፣ ሳንቲምን በስም ጠቅሶ፣ ተቋራጩ ሲያስታውቅ ለሚደርስበት መዘግየት ተጨማሪ ጊዜና ወጪ ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በዚያው ሰዓት የቦታውን መለኪያ፣ ጥልቀቱንና የአፈሩን ንብርብር በሥራ መዝገብ ላይ ያስፍር፤ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ዶዘሩንም ወደ ሌላው ኪሎሜትር ያዛውር።