ጥርሳችንን የሚበላው ትል አይደለም

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ጥርስ ላውራችሁ።

አገር ቤት ጥርስ ሲቦረቦር «ትል በላው» ይባላል። ትል የለም። አፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። ጥርስ ላይ ተሰብስበው የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ጠዋት ምላሳችንን ሻከር የሚለው እሱ ነው። ስኳር ስንቀምስ እነሱም ይበሉና አሲድ ያወጣሉ። አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ልባስ ያሟሟዋል። ምራቃችን መልሶ ይጠግነዋል፤ ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋል።

እኛ ደግሞ ምሳ ሲያልፈን፣ እንቅልፍ ሲጥለን፣ ጣፋጭ ሻይ ከጠዋት እስከ ማታ ፉት እንላለን። ታዲያ ምራቅ መቼ ይጠግን? ጉዳቱ በስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን በመደጋገሙም ነው።

ስለዚህ ጣፋጩን ከምግብ ጋር አድርጉት፤ በመሃል ውሃ ጠጡ። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ፣ ለ2 ደቂቃ ቦርሹ። ደክሟችሁም ቢሆን የማታው አይቅር፤ ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል።

ፓናዶል ሕመሙን ያበርዳል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም። ፊታችሁ ካበጠና ካተኮሳችሁ ግን አትደብቁ፤ በዚያው ቀን ለማዳም ንገሯት፣ ሐኪም ያስፈልጋችኋል።