ሶብር ማለት ውርደትን መልመድ ነውን?



ሰሞኑን ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወደ እኛ ቀረበ። ከዳባት ወደ ጎንደር ወርዶ በአንድ መደብር ተቀጥሮ ይሠራል። አሠሪው በደንበኛ ፊት ይሰድበዋል፤ ባልደረቦቹም አንዱ የሌላውን ወሬ ለአሠሪው ለማቀበል ይሽቀዳደማሉ። «ጠዋት በሩ ላይ ስደርስ ሆዴ ይረበሻል። ግን ለእናቴ የማዳበሪያ መግዣ የምልከው ከዚያው ነው። ኡስታዝ፣ ብለቅ ሶብር የለውም እባላለሁ?» አለን።

እኛም እንዲህ አልነው፦ ሶብር ሥራን በአማና መሥራት፣ ለስድብ ስድብ አለመመለስ ነው እንጂ ዙልምን መልመድ አይደለም። በመጀመሪያ አንተው ከወሬው ውጣ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 11ኛና 12ኛ አንቀጾች መሳለቅን፣ በመጥፎ ስም መጠራራትን፣ ነውር መከታተልንና ሐሜትን ከልክሏል። ይህ ለመስጂድ ብቻ ሳይሆን ለመደብርና ለቢሮም ነው። ቀጥሎ አሠሪህን ሰው በሌለበት በአክብሮት አነጋግረው፤ እምቢ ካለ የሚያከብራቸውን ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። ይህም ካልበጀ ሌላ ሥራ ፈልገህ ልቀቅ፤ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። በ2011 ዓ.ል የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም ቢሆን፣ አሠሪው ሰብዓዊ ክብሩን የነካበት ሠራተኛ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ እንደሚችል ደንግጓል።

አሠሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች! አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ «ኡፍ» እንኳ እንዳልተባሉ ተናግረዋል። እኛ ማን ሆነን ነው ለአንድ ስህተት ሰውን በሕዝብ ፊት የምናዋርደው? የጎንደር ሙስሊሞች በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ሲወሰንባቸው፣ ርስት አጥተው በንግድና በሽመና ኖረዋል። ሸማኔ ይናቅ በነበረበት ዘመን የንቀትን ምሬት የቀመሱ አባቶች ልጆች ሆነን፣ በገዛ መደብራችን ሰው ልንንቅ አይገባም።

ቤተሰቦችም! ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ ከሥራ ተኮሳትሮ ሲገባ በቁጣ ከመቀበል በፊት «ዛሬ ሥራ እንዴት ዋለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሥራ ቦታ በደል ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው ቤት ውስጥ ነው።

ወጣቱ ከሽማግሌው ጋር አሠሪውን ሊያነጋግር ሄዷል። መልሱን ገና አልሰማንም፤ ዱዓ አድርጉለት። አላህ ሐላል ሪዝቅን ከክብር ጋር ይወፍቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።