ናቹራል ወይስ ሶሻል፦ የአሥረኛ ክፍል ተማሪን ማን ያማክረው?

(በተመራቂዎች መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። አብዛኞቻችን እዚህ ግቢ ምን እንደምንማር ግማሹ የተወሰነው እዚህ ከመድረሳችን ሁለት ዓመት በፊት ነው። አሥረኛ ክፍል ሲያልቅ ናቹራል ወይ ሶሻል ብሎ መምረጥ ነው። ናቹራል ያለ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይዞ ይቀጥላል፤ ሶሻል ያለ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ሶሻል የገባ ልጅ ከዚያ በኋላ ኢንጂነሪንግም ሕክምናም አይጠብቅም።

ታዲያ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህን በምን ይወስናል? በጓደኛ። «እኛ ሁላችን ናቹራል ነን፣ አንተስ?» ይባላል፣ አለቀ። ቤት ደግሞ «ጎበዝ ልጅ ናቹራል ነው የሚገባው» የሚል አለ። ከአሥር ገቢ ተማሪ ሰባቱን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይመድብ የነበረው የ70/30 ፖሊሲ በዚህ አመለካከት ላይ ማኅተም መታበት ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ሶሻል የተረፈው የሚገባበት ሆነ። ዳኛውና ጋዜጠኛው ከየት ሊመጣ ነው?

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከሂሳብ ሸሽቶ ሶሻል የሚገባው ነው። ሂሳብ እኮ እዚያም አለ! የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ሶሻልም ሂሳብ ይፈተናል። ኢኮኖሚክስ የደረሰው ደግሞ ካልኩለስና ስታትስቲክስ ይጠብቀዋል፤ የክፍሉ መምህራን እዚህ ስላላችሁ እናንተው መስክሩ። በሌላ በኩል ቤተ ሙከራ ገብቶ የማያውቅ፣ ኬሚስትሪን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የተማረ ልጅ በስሙ ናቹራል ይባላል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ይህን ሁሉ በምርጫ ማሳበብ አይቻልም፤ የማስተማሩ ችግር ይበልጣል። እሱን እኛ በአንድ ቀን አንፈታውም። ምርጫው ላይ ግን እጃችንን ማስገባት እንችላለን።

ሐሳቤ ይኸው ነው፦ እያንዳንዳችን በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት፣ ልጆቹ ከመምረጣቸው በፊት፣ ወደ ተማርንበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለግማሽ ቀን እንሂድ። ዶክተር ሁኑ ለማለት አይደለም። ጠዋት ቢሮ ገብተን ምን እንደምንሠራ፣ ከተማርነው የትኛው እንደጠቀመን፣ የትኛው እንዳስቸገረን እንንገራቸው። ወላጆችም ቢገኙ ጥሩ ነው፤ ቅጹን አንዳንዴ የሚሞሉት እነሱ ናቸውና።

መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስም፣ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት፣ ሥራችሁና የሚመቻችሁን ቀን ጻፉበት። ሶሻል የነበራችሁ በተለይ እለምናችኋለሁ፤ እስካሁን የተመዘገቡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ኢንጂነሮች ናቸው።