ቤታችንን የሚጠብቁ ዕቃዎችና የሠሪዎቻቸው እጅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ለንግግር የመረጥነው ነገር ከሩቅ የመጣ አይደለም። በየቤታችን፥ በምድጃው ዳርና በመደቡ ላይ ዘወትር የምናየው ነው። ይኸውም እናቶቻችንና አያቶቻችን ክፉ ነገርን ይከላከሉልናል ብለው የሚያስቀምጧቸው ዕቃዎች ጉዳይ ነው።

በወልድያም ሆነ በመርሳ፥ በሀብሩ ገጠርም ቢሆን፥ አራስ ብቻዋን አትተውም። ጋኔን ብረት ይፈራል ስለሚባል ከራስጌዋ ቢላዋ ወይም ማጭድ ይደረጋል፤ ወደ ደጅ ብትወጣም ብረቱን ይዛ ትወጣለች። ለሕፃኑ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ተቋጥሮ ይታሰርለታል፤ በቆዳ የተሰፋ ክታብ የሚያስርም አለ። እንግዳ ባለበት ሲበላ ቡዳ እንዳያይ በነጠላ ይከለላል። ልጅ በድንገት ታሞ ቡዳ በላው የተባለ እንደ ሆነ፥ በሸክላ ማጨሻ ላይ ፍም ተደርጎ በቅጠልና በሥር ጢስ ይታጠናል።

ይህን የመሰለ ልማድ በሌላውም ዓለም አለ። በቻይና አገር ክፉ መንፈስን ይመልሳል ብለው በደጃፍ ላይ መስተዋት ይሰቅላሉ፤ በአምስተኛው ወር በአምስተኛው ቀን በሚከበረው በዓላቸውም ከኛ አሪቲ ጋር የሚዛመድ ቅጠልና እንደ ሰይፍ የሾለ ሣር በበራቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። በአውሮፓም የፈረስ ኮቴ ብረት በበር ላይ የሚቸነክሩ ነበሩ።

በአያቶቻችን ልንስቅ አይገባንም። ሐኪም ሩቅ በነበረበት ዘመን ልጁ በሌሊት ሲያተኩሰው እናት እጇን አጣጥፋ ልትቀመጥ አልቻለችም፤ በእጇ የተገኘውን አነሣች። ዛሬ ግን በቆላችን የሚያተኩሰን ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ፥ አራስ ልጅን የሚገድለው መንጋጋ ቆልፍም እትብቱ ባልጸዳ ስለት ሲቆረጥ እንደሚገባ ተምረናል። አጎበርና ክትባት ከቢላዋውና ከክታቡ ይልቅ ይጠብቁናል።

ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ አንድ ጥያቄ አለ። እነዚህን ጠባቂ ዕቃዎች የሠራቸው ማን ነው? ቢላዋውን ቀጥቃጩ፥ ነጠላውን ሸማኔው፥ ማጨሻውን ሸክላ ሠሪዋ፥ የክታቡን ቆዳ ፋቂው ሠሩት። ቡዳ ናቸው ብለን የምንሸሻቸውም እነዚሁ ሰዎች ናቸው! ከቡዳ ለመዳን ቡዳ ያልነው ሰው የሠራውን እንገዛለን።

እኛም ከዚህ በደል ንጹሕ አይደለንም። በልጅነታችን የቀጥቃጭ ልጅ ከኛ ጋር ይማር ነበር። በዕረፍት ሰዓት ጀርባችንን ለእርሱ ሰጥተን ቆሏችንን እንበላ ነበር። በመኸር ጊዜ ማጭድ እናስል ዘንድ ወደ አባቱ ቤት ተላክን። ልጁ ወናፍ ይነፋ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ስለቱ እንዳይቆርጠን ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠን። በዚያው ዓመት ታናሽ እኅታችን ስትወለድ ከእናታችን ራስጌ የተደረገው ያው ማጭድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ለምን እንደ ቀረ ማንም አልጠየቀም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን ከለከሉ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይናገራል። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ገና ፈጽሞ አልወጣም።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ይህን ወሬ ለታናናሾቻችን አታውርሱብን። ጓደኞቻችን ሆይ፥ ከአጠገባችን የተቀመጠውን ተማሪ አባቱ ምን እንደሚሠራ ሳንመረምር ቆሏችንን እናካፍለው። ከክፍላችን የቀረ ልጅ ቢኖርም፥ እኛ ያን ጊዜ ያላደረግነውን እናድርግ፤ ቤቱ ድረስ ሄደን ለምን ቀረህ ብለን እንጠይቀው።