ሌሊት የሚፈስ ሮቶ

ሰንበቴ እሑድ እሑድ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ለገበያ የሚገናኝባት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ አገር፣ ጀሪካን ይዞ የሚጠብቅ ሰው እያለ፣ ጣራ ላይ ከተሰቀለ ሮቶ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲፈስ መስማት ያንገበግበኛል።

«ጠብታ ናት» እንዳትሉኝ። ከትርፍ ውሃ መውጫው ሥር የአንድ ሊትር ሃይላንድ ያዙበት። በአንድ ደቂቃ ከሞላ፣ በ24 ሰዓት 1440 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 72 ይሞላል።

ብዙ ቤት ችግሩ እንዲህ ይቀጥላል፦ ባለሙያ ቀን ይጠራል፤ ወጥቶ ሲያይ አንድም ጠብታ የለም፤ «ደህና ነው» ብሎ ይወርዳል። ሌሊት ደግሞ ይፈሳል። ምክንያቱ የውሃው ግፊት ነው። ቀን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚቀዳ ግፊቱ ይቀንሳል። ሌሊት ሁሉም ቧንቧውን ሲዘጋ ግፊቱ ያይላል፤ መግቢያውን የምትደፍን ያለቀች ጎማ ያኔ መቋቋም ያቅታታል። ስለዚህ ፍተሻው ሌሊት ወይም ጎህ ሳይቀድ ይሁን።

መጀመሪያ ወደ ሮቶው የሚያስገባውን ቫልቭ ዝጉ፤ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ምልክት አድርጉ፤ ማንም ሳይቀዳ ጥቂት ጠብቁ። መፍሰሱ ከቆመ ጥፋቱ መግቢያው ላይ ነው። ተንሳፋፊዋን ኳስ ፈትታችሁ ጆሯችሁ ሥር ወዝውዟት። ውስጧ ውሃ ከተንቦጫቦጨ ተሰንጥቃለች፤ መንሳፈፍ ስላቃታት መግቢያውን አትዘጋም፤ መቀየር ነው። ኳሷ ደህና ከሆነች መግቢያውን የምትደፍነውን ትንሿን ጎማ አውጧት። ለዓመታት ስትጫን ኖራ መሐሏ ላይ ክብ ቀለበት ተቀርጾባት ታገኟታላችሁ። አዲስ እስኪገኝ ገልብጦ መግጠም ይቻላል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው አሸዋም እዚያችው ቦታ ስለሚቀረቀር ጥረጉት።

ቫልቩ በደንብ ተዘግቶም ውሃው መፍሰሱን ከቀጠለ ወይም ከምልክቱ በላይ ከወጣስ? ያኔ ኳሷ ንጹሕ ናት፤ ውሃው ከሌላ ቦታ እየመጣ ነው። በአንድ ግቢ ሁለት ሮቶ በቧንቧ ከተገናኙ፣ ውሃው ከፍ ብሎ ከተሰቀለው ዝቅ ወዳለው ይወርዳል።

ኳሷ ሳትበላሽ ታንክ መፍሰሱን እንግሊዝ አገር አሮጌ ቤት የሚኖሩ ወገኖቻችንም ያውቁታል። እዚያ ቤት የሚያሞቀው ውሃ ጣራ ሥር ትንሽ ታንክ አለው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 100 ሊትር ከ10 ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ ሦስት ሊትር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ታንኩ ቀዝቃዛ እያለ አፉ ድረስ መሞላት የለበትም። ማሞቂያው ሲበራ ብቻ ከፈሰሰ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ኳሷ ከፍ ብላ መስተካከሏ ነው፤ ዝቅ ማድረግ ነው። መግቢያው ተዘግቶ፣ ማሞቂያው ጠፍቶም መሙላቱን ከቀጠለ ግን፣ የመታጠቢያ ውሃ በሚሞቅበት በርሜል ውስጥ ያለው ጥምዝ ቧንቧ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ከፍ ብሎ ካለው ትልቅ ታንክ የሚወርደው ውሃ በቀዳዳው ገብቶ ትንሹን ታንክ ያጥለቀልቀዋል። እዚህም ኳስ መቀያየር ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። በመፍሰሱ ተማርራችሁ መውጫውን በጨርቅ ወይም በፌስታል አትድፈኑት። ሮቶ ከሆነ ውሃው በክዳኑ ገንፍሎ ጣራና ግድግዳ ያበሰብሳል። ማሞቂያ ከሆነ ደግሞ መተንፈሻውን መድፈን ግፊት አጠራቅሞ ሰው እስከ መግደል ይደርሳል። መውጫውን ክፍት ተዉትና ቫልቩን ዝጉ፤ ባለሙያውንም ማታ ጥሩት።