ስለ ፈረስና ስለ ዝምተኛው ልጅ

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችንን በዓል በምናከብርበት በዚህ ዕለት ልንናገርበት የመረጥነው አርእስት፥ እንስሳት ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ስለሚሰጡት ርዳታ ነው። ምናልባት «የጋሪ ፈረስንና ልጅን መርዳትን ምን አገናኛቸው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም አስቀድሞ እንደዚሁ እንል ነበር።

በሰፈራችን አንድ የ8 ዓመት ልጅ አለ። ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ የባጃጅ ጥሩምባ በሰማ ጊዜ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ጎረቤት «እርግማን ነው» ስላለ እናቱ ከግቢ አታስወጣውም ነበር። እኛም ኳስ ስንጫወት በአጥሩ ቀዳዳ ሲመለከተን፥ እጁን እንደሚያርገበግብ እያስመሰልን እንስቅበት ነበር። ይህንን ዛሬ በፊታችሁ የምንናገረው በኀፍረት ነው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ፈረሳቸውን ሊያሳርፉ ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ልጁም ወጣና መዳፉን በፈረሱ አንገት ላይ አኖረ። ፈረሱ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ባለጋሪው ወደ ማታ ሲመለሱ እየቆሙ፥ ልጁ የፈረሱን ገላ በጨርቅ እንዲያብስ ይፈቅዱለት ጀመር። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ልጁ የእናቱን እጅ ይዞ እየሳበ «ፈርዳ» አለ፤ በኦሮምኛ ፈረስ ማለት ነው። ብዙ ቃል ገና አልጨመረም፤ እናቱ ግን በሩን መልሳ አልዘጋችም። ባለጋሪውን ምስጢሩን ብንጠይቃቸው፥ «እናንተ ጥያቄ ታበዛላችሁ፤ ፈረሱ ግን አይጠይቀውም» አሉን።

ሊቃውንትም ይህንኑ ነገር መርምረውታል። ቦሪስ ሌቪንሰን የተባሉ የኒው ዮርክ የሥነ ልቡና ሐኪም፥ ከሰው የሚሸሽ አንድ ልጅ ጂንግልስ ከተባለው ውሻቸው ጋር መወዳጀቱን አይተው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ስለዚሁ ጽፈዋል። በ2015 ደግሞ በአሜሪካ በታተመ ጥናት፥ ከ6 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 127 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በሁለት ተከፍለው፥ ገሚሶቹ ለ10 ሳምንት ፈረስ መጋለብ ተማሩ፤ የቀሩት ፈረስ በሌለበት ስለ ፈረስ ተማሩ። የጋለቡት ብስጭታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀነሰ፤ ንግግራቸውም ተሻሻለ።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከልክ አናሳልፈው። ኦቲዝም እርግማን ወይም የእናት ጥፋት አይደለም፤ የአእምሮ አስተዳደግ ልዩነት ነው። ስለዚህ ፈረስ ኦቲዝምን አያጠፋም፤ የሐኪምንና የመምህርን ቦታም አይወስድም። ድልድይ ግን ይሆናል። ውሻም ቢሆን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይወጋ ከሕፃን ጋር ሊቀራረብ አይገባም። ጀርባው በቍስል የተላጠና የተራበ ፈረስ ደግሞ ራሱ ሕክምና ይሻል እንጂ ሌላውን ሊረዳ አይችልም። ሕፃኑን የሚወድ ሰው ፈረሱንም ሊጠብቅ ይገባዋል።

በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። እኛም በአዳማ ይህን አብነት ልንከተል እንችላለን። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ጋሪ ቢቀንስም፥ በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ፈረስ ብርቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም በቢሾፍቱ፥ በቅርባችን ይገኛል። የጎደለን ፈረስ ሳይሆን በሩን የሚከፍት ሰው ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኛ ደግሞ ልጁን የደበቀ ጓደኛ አያገኝለትም እንላለን። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን አትደብቁ፤ መምህራን ሆይ፥ በክፍላችሁ ቦታ አዘጋጁላቸው። ታናናሾቻችን ሆይ፥ እኛ ከትምህርት ቤቱ ስንሰናበት ይህን አደራ እንሰጣችኋለን፤ በአጥር ቀዳዳ የሚያያችሁ ልጅ ቢኖር አትሳቁበት። ቀርባችሁ፥ እንደ ፈረሱ ዝም ብላችሁ አጠገቡ ቁሙ።